ከፍለው የሚያገለግሉ መርከበኞች

መርሲ ሺፕስ በመርከብ ላይ የተሠራ ሆስፒታል ይዞ ከወደብ ወደብ የሚዞር ክርስቲያናዊ የሕክምና ሚሲዮን ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዋና የሥራ መስኩ የአፍሪካ የባሕር ጠረፍ አገሮች ሆነዋል (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቤኒን፣ ቶጎ፣ ላይቤሪያ፣ ሴራሊዮን፣ ጊኒ፣ ኮንጎ ብራዛቪል፣ ካሜሩን፣ ሴኔጋልና ማዳጋስካር መርከቦቹን ካስተናገዱት መካከል ናቸው። ታካሚው ለቀዶ ሕክምናው አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ከፋዩ አገልጋዩ ነው። ከቀዶ ሐኪሙ እስከ ድስት አጣቢው፣ በበጎ ፈቃድ የመጣው ሰው ደመወዝ የለውም፤ ለሚተኛበት አልጋና ለሚበላው ምግብም ለዓመታት በየወሩ ከኪሱ ሲያወጣ ኖሯል። ስለ ድርጅቱ ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ፎቶግራፉም የሚነሳው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ነው። ያንን ሥራ የተሸከመው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በአንድ የብረት ቤት ውስጥ ተጣበው አብረው መኖራቸው ነው። ይህ ኑሮ ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል።

ድርጅቱን በ1978 በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ከተማ የመሠረቱት አሜሪካውያኑ ዶን ስቲቨንስና ባለቤታቸው ዴዮን ናቸው። ባልና ሚስቱ ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን በተባለው የወጣቶች የወንጌል ማኅበር ውስጥ ያገለግሉ ነበር። ዶን ስለ ሆስፒታል መርከብ ማሰብ የጀመሩት በ1964፣ ገና በወጣትነታቸው ባሃማስ ሳሉ፣ ክሊዮ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን በመታበት ወቅት ነው። ሐሳቡ መርከብ እስኪሆን ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ የኢጣሊያ የመንገደኞች መርከብ የነበረችውን ቪክቶሪያን በ1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዝተው አናስታሲስ አሏት። መርከቧን ግሪክ አገር አስቁመው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሲያድሷት ዓመታት አለፉ፤ ወደ ሥራ የገባችው በ1982 ነው። እስከ 2007 ድረስ ካገለገለች በኋላ ተሰናበተች።

በእግሯ የተተካችው አፍሪካ መርሲ ከዚያ በፊት በዴንማርክ ባቡር ከነተሳፋሪው የምታሻግር መርከብ ነበረች። ባቡሩ ይቆምበት የነበረው ሰፊ ወለል ለሆስፒታል የተመቸ ሆኖ ተገኘ፤ ሐዲዱ በነበረበት ቦታ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ላቦራቶሪና የተኙ ሕሙማን ክፍሎች ተሠሩ። ግሎባል መርሲ የተባለችው መርከብ ግን ከመነሻዋ ለሆስፒታልነት ታስባ በቻይና፣ በቲያንጂን ተሠርታ ድርጅቱ በ2021 ተረከባት። ርዝመቷ 174 ሜትር ነው፤ 12 ወለል፣ 6 የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና 200 ገደማ የሕሙማን አልጋዎች አሏት። ከ600 በላይ አገልጋዮችን ማሳደር ትችላለች። ይህ ቁጥር ከአልጋዎቹ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር የበዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በየብስ ያለ ሆስፒታል መብራትና ውኃውን ከከተማው ያገኛል፤ ነርሶቹም ማታ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መርከቧ መብራቱን ራሷ ታመነጫለች፣ ውኃውን ታጣራለች፣ ሠራተኛውን ታበላለች፣ ልጆቹን ታስተምራለች። አንድ ቀዶ ሐኪም ቢላውን እንዲያነሳ መሐንዲስ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ወጥ ሠሪ፣ ፀጉር አስተካካይና መምህር ከኋላው መኖር አለባቸው።

መርከብ እንደ ቱሪስት ተነስታ አትመጣም። በቅድሚያ አስተናጋጁ መንግሥት ይጋብዛል፤ ከዚያ የቅድሚያ ቡድን ሄዶ ከጤና ሚኒስቴር፣ ከወደብ ባለሥልጣንና ከጉምሩክ ጋር ስምምነት ይዋዋላል። ከሁሉ የሚከብደው የመቆሚያ ቦታው ጉዳይ ነው። የንግድ መርከብ ጭኖና አራግፎ በቀናት ውስጥ ይሄዳል፤ የሆስፒታል መርከብ ግን 10 ወር ያህል አንድ ቦታ ላይ ታስራ ትቆማለች፤ ይህም ወደቡ የሚያጣው ገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥገና ትሄድና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

በጎ ፈቃደኛው ሻንጣውን ይዞ በመወጣጫው ደረጃ ሲወጣ የሚያገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጠባቂዎቹ ናቸው። ለዓመታት ይህን ሥራ የያዙት ጉርካ የሚባሉት የኔፓል የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። መታወቂያ ተሰጥቶት በወጣና በገባ ቁጥር ይመዘገባል፤ ምክንያቱም እሳት ቢነሳ በመርከቧ ላይ ማን እንዳለ በስም ማወቅ የግድ ነው። ሐኪም ሆነ ምግብ አብሳይ፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድ የማይነካው ሰው የለም። ደወሉ ሲጮኽ አንዱ የእሳት መከላከያ ልብሱን ይለብሳል፣ አንዱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሌላው ስም ይጠራል።

ካቢኖቹ ጠባብ ናቸው። ቤተሰብ ይዞ የመጣ የራሱ ክፍል ሲኖረው ላጤው በተደራራቢ አልጋ ከሌሎች ጋር ያድራል፤ በአፍሪካ መርሲ አራትም ስድስትም ሰው የሚጋራቸው ክፍሎች ነበሩ። የግል የሚባለው ቦታ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ነው። አንዷ ነርስ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ስትተኛ ሌላዋ ለማለዳው ፈረቃ ትነሳለች፤ በዚያ ላይ ጀኔሬተሩ ቀንና ሌሊት ያጉረመርማል። ውኃ እንዳይባክን ገላ መታጠብ በሁለት ደቂቃ እንዲያልቅ ይመከራል፤ ረጥቦ ውኃውን መዝጋት፣ በሳሙና መታሸት፣ ከፍቶ መለቅለቅ ነው። ምግብ በሰዓቱ በጋራ አዳራሽ ይቀርባል፤ ያመለጠው ያመለጠው ነው። ሱቅ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ቡና ቤት አለ። ቡናው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በስጦታ የሚመጣ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ወደብ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ቡና መጠጣት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትንሽ ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም።

የመርከብ ኑሮ ትልቁ ፈተና ከሥራ ባልደረባ መራቅ አለመቻሉ ነው። በከተማ ሆስፒታል ከአለቃው ጋር የተቀያየመ ሐኪም ማታ ቤቱ ገብቶ ይረሳዋል። እዚህ ግን አለቃው ማታ በመመገቢያው አዳራሽ ከፊቱ ይሰለፋል፣ እሑድ በአምልኮው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሰኞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተራ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የባህል ልዩነት አለ። ከ40 የሚበልጡ አገሮች ሰዎች አንድ ላይ ሲኖሩ የአንዱ ግልጽነት ለሌላው ስድብ፣ የአንዱ ትሕትና ለሌላው ድብብቆሽ ይሆናል። የሆላንዱ ሰው ፊት ለፊት “ይህ አልተሠራም” ሲል የጋናው ሰው ሽማግሌ ባለበት እንዲህ መነጋገርን ነውር ያደርገዋል። ሁሉም እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ነገር ግን አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው በፈጣን ቀልድ ስብሰባውን ሲቆጣጠር ሌላው ቃል እየፈለገ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ የሚመጡትን ሰዎች አስቀድሞ ማሠልጠን ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ሥልጠናው ከእሳት ማጥፋት ጎን ለጎን እንዴት እንደሚጣሉና እንዴት እንደሚታረቁ ጭምር ያስተምራል።

የክፍያው ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልገዋል። በጎ ፈቃደኛው ለዓመታት በወር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ለመኖሪያው ሲያዋጣ ኖሯል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ክትባቱና መድኅኑ በዚያ ላይ ይታከላሉ። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ከራሱ ቁጠባ ወይም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ያሰባስባል፤ በምላሹ በየወሩ ስለ ሥራው ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፣ እነርሱም ይጸልዩለታል። ይህ አሠራር ለጋሹ የሰጠው ገንዘብ በቀጥታ ለታካሚው እንዲውል ይረዳል፤ በመርከቧም ውስጥ እንግዳ የሆነ እኩልነት ያመጣል። ለመጥረግ የከፈለና ለመቅደድ የከፈለ ሁለቱም ከፋይ ናቸውና አንዱ ሌላውን “ቀጥሬሃለሁ” ሊለው አይችልም። ሆኖም ዋጋ አለው። ከሀብታም አገር የመጣች ነርስ የዓመት ዕረፍቷን ይዛ መምጣት ስትችል በአዲስ አበባ ወይም በሎሜ የምትሠራ ነርስ የወር ደመወዟ ለዚህ ወጪ እንኳ ላይበቃ ይችላል። አፍሪካን ለማገልገል በተሰማራች መርከብ ላይ አፍሪካዊው በብዛት የሚገኘው በታካሚነትና በተቀጣሪነት ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው የክፍያ በር ነው።

ተቀጣሪዎቹ በመርከቧ አጠራር የቀን ሠራተኞች ሲባሉ ኖረዋል። በየአገሩ ከ200 የማያንሱ የአገሬው ተወላጆች በደመወዝ ይቀጠራሉ፤ በወጥ ቤት፣ በጽዳት፣ በሕሙማን ክፍልና ከሁሉ በላይ በአስተርጓሚነት ይሠራሉ። ያለ እነርሱ ሆስፒታሉ ዲዳ ነው። ቤኒን ውስጥ አንዲት አሮጊት በፎን ቋንቋ የተናገሩት አንዳንዴ በፈረንሳይኛ አልፎ በእንግሊዝኛ ነርሷ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጥሩ አስተርጓሚ ቃሉን ብቻ አያሻግርም። ታካሚው “እሺ” ሲል የገባው መሆኑንና ፈርቶ መሆኑን ለይቶ ለነርሷ ይነግራታል።

በ2015 የቀዶ ሕክምናን አቅርቦት ያጠናው የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ያህል ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚችለው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ አስታውቋል። መርከቧ ስትደርስ ወረፋው የሚረዝመው ከዚህ የተነሳ ነው። ዕጢ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ እንቅርት፣ የዓይን ሞራ፣ የተቆለመመ እግር፣ በቃጠሎ የተጨማደደ ቆዳና በወሊድ ጉዳት የሚመጣ ፌስቱላ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ለዓመታት ከሰው ተደብቀው የኖሩ ናቸው። የመንጋጋ ዕጢ ካንሰር ባይሆን እንኳ ካልተቆረጠ እያደገ ሄዶ አፍንና መተንፈሻን ይዘጋል። ኖማ የተባለው በሽታ ደግሞ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ይይዛል፤ ከድድ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን በተዘነጉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2023 መጨረሻ ላይ ነው። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥም አለ።

ቀደም ሲል የታካሚዎቹ ምርጫ በአንድ ትልቅ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በስታዲየም ወይም በትምህርት ቤት ግቢ በአንድ ቀን ይካሄድ ነበር፤ ሕዝቡ ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ይሰለፍ ነበር። ሺዎች ይመጡ ነበር፤ የሚያዘው ቦታ ግን ውሱን ነበር። ከጊዜ በኋላ መራጭ ነርሶች ወደየክፍለ አገሩ ከተሞች እየሄዱ መመርመር ጀመሩ፤ ይህም የሩቁን ገበሬ ከመንከራተት አድኖታል። ያም ሆኖ “አይሆንም” የሚለው ቃል አይቀርም። ካንሰሩ የተስፋፋበት፣ በሽታው በመርከቧ ላይ የማይታከም፣ ወይም ከሕክምናው በኋላ ለወራት ክትትል የሚሻ ሰው ይመለሳል። ይህን የሚነግሩት የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ በአጠገባቸውም ለጸሎት የተዘጋጀ ሰው ይቆማል። መዳን ለማይችሉት ደግሞ ሕመማቸውን የሚያስታግስ፣ ቁስላቸውን የሚያጥብና ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ቡድን አለ። ስለ መርከቧ በሚታተሙ ደማቅ መጽሔቶች ይህ ቡድን ብዙ ቦታ አይሰጠውም፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ ግን ለሚሲዮን ስም የሚቀርበው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በሕሙማኑ ክፍል ቀኑ ሙሉ ጫጫታ ነው። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ታካሚዎች ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው ወለል ወጥተው አየርና ፀሐይ ያገኛሉ። አስታማሚ ዘመድ ከታካሚው አልጋ ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ሰው ታሞ ሲተኛ ዘመድ አጠገቡ ማደሩ ወግ በሆነበት አገር ሌላ መንገድ አይታሰብም። ከሆስፒታሉ ውጭ የሚሠራ አገልጋይ አንድ ታካሚ ተመድቦለት በትርፍ ሰዓቱ እየሄደ ይጠይቀዋል፤ ከሞተሩ ክፍል በዘይት የተለወሰ መካኒክ እጁን ታጥቦ ከአንድ ሕፃን ጋር ካርታ ሲጫወት ይገኛል። ደም ሲያስፈልግም የሚጠሩት እነርሱው ናቸው። የመርከቧ የደም ባንክ አገልጋዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ የደም ዓይነታቸው ተመዝግቦ ሌሊትም ቢሆን ተጠርተው ይሰጣሉ። ፌስቱላቸው የተጠገነላቸው ሴቶች ከመውጣታቸው በፊት አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ በከበሮና በእልልታ ይሸኛሉ።

አሜሪካዊው የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ጋሪ ፓርከር በ1987 ወደ አናስታሲስ የመጡት ለጥቂት ወራት ብለው ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆዩ፤ ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም፣ ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በመርከብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ ነርሶች ለወራት ይመጣሉ፤ ዓመታት የሚቆዩት በአብዛኛው የመርከብ ሥራውንና አስተዳደሩን የያዙት ናቸው። ስለዚህ መርከቧ ላይ በየሳምንቱ አቀባበልና ስንብት አለ። ነባሮቹ ከጊዜ በኋላ አዲስ ወዳጅ ማፍራት ይታክታቸዋል፤ “ስንት ጊዜ ትቆያለህ?” የሚለው ጥያቄ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃይማኖቱ በመርከቧ ኑሮ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ሥራው በጸሎት ይጀመራል፣ እሑድ አምልኮ አለ፣ ሠራተኛው ከወንጌላውያን እስከ ካቶሊክ ይለያያል። ታካሚው ግን ሃይማኖቱ ተጠይቆ አይመረጥም፤ እንደ ሴኔጋልና ጊኒ ባሉት አገሮችም የሚበዛው ታካሚ ሙስሊም ነው። እዚህ ላይ ስስ መስመር አለ። በአልጋ ላይ የተኛና ነፃ ሕክምና የተሰጠው ሰው የሚቀርብለትን ጸሎት “አይ” ለማለት አቅም ያንሰዋል። ጠንቃቃው አገልጋይ ይህን ያውቃል፤ ሳይጠየቅም አይሰብክም።

አብሮ መኖር ጉልበት የሆነውን ያህል ድክመትም ነው። በ2014 ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ሲነሳ አፍሪካ መርሲ ወደ ጊኒ የነበራትን ጉዞ ሰርዛ ወደ ማዳጋስካር ዞረች። ብዙዎች ሐኪም ከወረርሽኝ ሸሸ ብለው ወቀሱ። ነገር ግን አንድ የአየር ማቀዝቀዣ፣ አንድ የምግብ አዳራሽ የሚጋሩ ሕፃናትና ቤተሰቦች ባሉበት ቤት ውስጥ እንዲያ ያለ በሽታ አንዴ ከገባ ሆስፒታሉም ሠፈሩም በአንድ ቀን ይዘጋሉ፤ መርከቧም ለቀዶ ሕክምና እንጂ ለተላላፊ በሽታ ማግለያ አልተሠራችም። ውሳኔው ልብ ባያሞቅም ትክክል ነበር። በ2020 ኮቪድ ሲመጣም በዳካር የነበረው አገልግሎት ሳያልቅ ተቋርጦ መርከቧ ወደ ካናሪ ደሴቶች ሄደች።

የሰላው ትችት ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ለአንዲት መርከብ ነዳጅና ጥገና የሚወጣው ገንዘብ በየብስ ስንት የቀዶ ሕክምና ክፍል ይሠራል? መርከቧ ስትሄድ ቁስሉ ያመረቀዘበትን ሰው ማን ያያል? ለዚህ ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለ። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር፤ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ፣ ዶክተር ካትሪንም በ2020 እስኪያርፉ እዚያው ኖሩ። ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች የፌስቱላን ጥገና የተማሩት በዚያ ሆስፒታል ነው። ሥር ሰዶ መቆየት መርከብ የማትሰጠውን ይሰጣል፤ ተከታይ ትውልድ ያፈራል። መርሲ ሺፕስም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ የአገሬውን ቀዶ ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎችና ነርሶች ወደ ማሠልጠን አዘንብሏል። የቶጎው የዓይን ሐኪም ዶክተር አብራም ዎዶሜ የዓይን ሞራን በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የማውጣትን ዘዴ ከመርከቧ ሐኪሞች ተምረው በአገራቸው ማገልገላቸውን ቀጥለዋል። ወደብ ለሌላቸው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ደግሞ መርከብ በቀጥታ የምትሰጠው ነገር የለም፤ የሚሻገረው ዕውቀቱ ብቻ ነው።

የአገልግሎት ጊዜው ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ታካሚዎች ወደ የብስ ማረፊያ ተዛውረው ፋሻቸው ይፈታል፣ ፊዚዮቴራፒው ይጠናቀቃል፤ ክትትል የቀረው ለአገሬው ሐኪም ከነመዝገቡ ይተላለፋል። የቀን ሠራተኞቹ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። በጎ ፈቃደኞቹ ወደየአገራቸው ይበተናሉ፤ ብዙዎቹ የሚቸገሩት ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ 30 ዓይነት ዳቦ ፊት ቆመው መምረጥ ያቅታቸዋል፣ የሥራ ባልደረባቸው ስለ መኪና ማቆሚያ ሲያማርር ይናደዳሉ፣ ዘመድ አዝማድም ታሪካቸውን ለአምስት ደቂቃ ሰምቶ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። አንዳንድ ላኪ ቤተ ክርስቲያናት ለተመላሾች የምክክር ጊዜ ያዘጋጃሉ፤ ሌሎቹ በሽኝቱ ቀን የጸለዩላቸውን ያህል በመመለሻው ቀን አያስታውሷቸውም። በመርከብ ላይ ያደጉት ልጆች ነገር ከዚህ ይለያል። ስድስት ወደብና አራት ቋንቋ የሚያውቅ የ18 ዓመት ወጣት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት “ወደ አገሩ” ሲላክ፣ ፓስፖርቱ አገሬ በሚለው ከተማ አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ገና መማር ይኖርበታል።